ከጣና ዳር አየሩን በድምፅ መፈተሽ፦ በሁለት ዲሽ ሶዳር የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ከሁሉ በፊት፣ ወንፊት የሆነ ዲሽ እንዳትገዙ። እኔ ገዝቻለሁ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ80፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሁለት ተማሪዎች ያለ ድካም የሚሸከሙት ነበርና ደስ ብሎኝ እስከ ሐይቁ ዳር በጋሪ አስጫንሁት። የሳተላይት ሞገድን የሚመልስ ሽቦ ድምፅንም ይመልሳል ብዬ ነበር። አይመልስም። የሬዲዮ ሞገድ የሚያየው ብረቱን ነው፤ ድምፅ ግን ራሱ የአየር እንቅስቃሴ ስለሆነ አየር ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ሾልኮ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፃችንን በወንፊት ስንነፋ ከረምንና ዲሹን ለቁራሌ ሰጠነው።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ የባከኑትን ብዙ ሌሊቶች ለሌላ ሰው ለማትረፍ የተጻፈ ነው። ዕቃው ሶዳር ይባላል። ራዳር በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራውን ሶዳር በድምፅ ይሠራል፦ አጭር ድምፅ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ከአየሩ የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ከመሬት እስከ ጥቂት መቶ ሜትሮች ያለው አየር እንዴት እንደተደራረበ በሥዕል ያሳያል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚያስታውስ፣ ሽቦ መበየድ የሚችልና ጥቂት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይሠራዋል።

ምን እንፈልጋለን?

በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ባሕር ዳር ላይ ቆማችሁ የማድቤት ጢስ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ጣሪያ እንደነካ ሁሉ ይቆምና ወደ ጎን ይነጠፋል። ሌሊቱን መሬቱ ሙቀቱን ሲያጣ አጠገቡ ያለው አየር ቀዝቅዞና ከብዶ ተኝቷል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ ተደላድሏል። የዘወትሩ ሥርዓት ተገልብጧል ማለት ነው። ጢሱ፣ አቧራውና የመኪናው ጭስ ሁሉ ከዚያ ክዳን በታች ታፍኖ ያረፍዳል። ክዳኑ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ፣ በስንት ሰዓትስ እንደሚፈርስ በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አይነግራችሁም። ሶዳር ይነግራችኋል።

ሐይቁ ደግሞ የራሱን ጨዋታ ይጨምራል። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ ነው። ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። የታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ጉዟቸውንም በዚሁ ያሰላሉ። ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር በሞቃቱ የመሬት አየር ሥር ሾልኮ ሲገባ በመካከላቸው የሚፈጠረው ድንበር ለድምፅ ጥሩ ዒላማ ነው።

ገደል የሌለው የገደል ማሚቶ

ባዶ አየር እንዴት ድምፅ ይመልሳል? አየሩ ባዶ ወይም አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በሚላተሙበት ቦታ ሁሉ ትናንሽ የሙቀት ዝንጉርጉሮች ይፈጠራሉ፤ ድምፅ በሞቃቱ ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛው ይዘገያል፤ በዚህ መዘበራረቅ ከጉልበቱ እጅግ ጥቂቱ ወደ መጣበት ይበተናል። ወደ ላኪው ቀጥታ የሚመለሰው ማሚቶ የሚመጣው ከሙቀት ዝንጉርጉርነት ብቻ ነው። የነፋስ ነውጥ በራሱ ድምፅን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም። ይህን አስታውሱ፤ ሥዕሉን ስናነብ እንመለስበታለን።

ነገሩን በመጀመሪያ ያስተዋለው የአየርላንድ ተወላጁ ጆን ቲንዳል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 በዶቨር አጠገብ የጉም ማስጠንቀቂያ ጥሩንባዎችን ሲፈትሽ ጥርት ካለ ባሕር ላይ፣ አንዳች የሚታይ ነገር ሳይኖር፣ ማሚቶ ሲመለስ ሰማ። የማይታይ የድምፅ ደመና አለ ብሎ ደመደመ። በ1946 የአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ወደ ላይ ድምፅ ልከው ከዝቅተኛው አየር ምላሽ ተቀበሉ፤ በ1968 ደግሞ አውስትራሊያዊው ማክአሊስተር የአየሩን ንብርብር በወረቀት ላይ በግልጽ የሚስል መሣሪያ አሳየ። ዛሬ የምንሠራው ከእሱ መሣሪያ ብዙም የራቀ አይደለም። እሱ ያልነበረው የእኛ ላፕቶፕ ነው።

ምላሹ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አስቀድማችሁ ብታውቁ ተስፋ አትቆርጡም። በእኛ ዓይነት ዲሽ ከ100 ሜትር ከፍታ የሚመለሰው ከላክነው ጉልበት የትሪሊዮንኛ ጥቂት እጅ ነው። እንግዲህ ሥራው ሁሉ፣ ከቦታ መረጣ እስከ ጭድ ጆንያ ድረስ፣ ሌላውን ጩኸት ስለማስወገድ ነው። አየር ላይ መጮህ ቀላል ነው፤ መስማት ነው የሚያስቸግረው።

ደረጃ 1፦ ሳትጮኹ አንድ ሙሉ ቀን አዳምጡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር። ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማይክሮፎንና ላፕቶፕ ይዛችሁ ልትተክሉበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ 24 ሰዓት ቅዱ። ከዚያ ቅጂውን በድግግሞሽ ዘርዝሮ በሚያሳይ ፕሮግራም ተመልከቱት፤ አውዳሲቲ በነጻ ይገኛል።

የባሕር ዳር ዳርቻ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ቅጂው ግን ሌላ ይናገራል። ደንገሉ ውስጥ ያለው እንቁራሪትና ፌንጣ ሌሊቱን አያርፍም። ንጋት ላይ ወፎቹ ይረከቡታል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዓታት፣ የመስጊድ አዛን፣ የባጃጅ ጥሩንባ፣ መብራት ሲጠፋ ከየሆቴሉ የሚነሣው ጄኔሬተር ይከተላል። ጄኔሬተሩ አብዛኛውን ጉልበቱን ከ500 ኸርዝ በታች ስለሚጥል አያሳስብም። የነፍሳቱ ጩኸት ግን በብዛት ከ3 ሺህ ኸርዝ በላይ ይሰፍራል። የእኛ ቅጂ በ2 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ሰፊ ባዶ ቦታ አሳየን፤ እዚያ ሰፈርን። የእናንተ ባዶ ቦታ 1,700 ወይም 2,300 ላይ ሊሆን ይችላል። ከ1,500 እስከ 2,500 ባለው ውስጥ ዝቅተኛ ጩኸት ያለበትን ምረጡ።

ከዚህ በላይ መውጣት የማይበጀው አየሩ ድምፅን ስለሚበላ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ባለው አየር፣ 2 ሺህ ኸርዝ በኪሎ ሜትር 9 ዴሲቤል ገደማ ያጣል፤ 4 ሺህ ኸርዝ ግን 23 ገደማ። አየሩ ሲደርቅ ነገሩ ይብሳል፦ በ15 ዲግሪና በ20 በመቶ እርጥበት 2 ሺህ ኸርዝም 28 ዴሲቤል ይደርሳል። በየካቲትና በመጋቢት ደረቅ ቀናት ሥዕላችሁ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ቢያልቅ መሣሪያው ተበላሸ አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ቦታና ፈቃድ

ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 200 ሜትር ራቁ። በየ5 ሰከንዱ አንዴ "ጢጥ" የሚል ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ የሚታገሥ ጎረቤት የለም፤ መታገሥም የለበትም። በዙሪያችሁ ረጃጅም ባሕር ዛፍ፣ የስልክ ማማ፣ ፎቅና የኤሌክትሪክ መስመር ባይኖር ጥሩ ነው፤ ሁሉም ማሚቶ ይመልሳሉ፤ ቅጠልና ሽቦ ደግሞ ነፋስ ሲነካቸው ራሳቸው ይጮኻሉ። ከውሃው ጠርዝም 50 ሜትር ያህል ፈቀቅ በሉ፤ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከምትገምቱት በላይ ሰፊ ነው።

ለቀበሌው አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ከትምህርት ቤታችሁም ደብዳቤ ያዙ። በጨለማ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር የተገናኘ፣ ወደ ሰማይ ያፈጠጠ፣ የሚጮኽ ዲሽ አጠገብ ተቀምጦ መገኘት ብዙ ማብራሪያ ይጠይቃል። እኛን ያዳነን ደብዳቤው ነው። የግቢው ዘበኛ ግን ደብዳቤ አልጠየቁንም። በሦስተኛው ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና፣ "መምህር፣ ይህ ሌሊቱን ሁሉ የሚጣራው ማንን ነው?" አሉኝ።

"አየሩን ነው፣ አያ።"

"ይመልሳል?"

"አልፎ አልፎ።"

ጥቂት አዳምጠው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ ዲሾቹ

ሁለት ያስፈልጓችኋል፦ አንዱ ለመላክ፣ አንዱ ለመቀበል። በአንድ ዲሽም ይቻላል፤ ነገር ግን 50 ዋት የሚጎርፍበትን ሽቦ በቅጽበት ወደ ስሱ ማዳመጫ የሚቀይር ማብሪያ ማጥፊያ መሥራት ይጠይቃል፤ እሱ አንዴ ከሳተ የማዳመጫው ክፍል ይቃጠላል። ለጀማሪ ሁለት ዲሽ ይረክሳል።

የምትፈልጉት ድፍን ቆርቆሮ፣ ክብ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ ኤል ኤን ቢው (የሳተላይቱን ሞገድ የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ) መሐል ላይ በሦስት እግር የሚቆምበትን ዓይነት ነው። በየጣሪያው የሚታየው፣ ኤል ኤን ቢው ከታች በአንድ ክንድ የሚወጣው ዲሽ ወደ ጎን የሚያይ ስለሆነ ቀጥ ወደ ላይ ለማቅናት ያስቸግራል። በ2 ሺህ ኸርዝ የድምፁ የሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 70ን በሞገዱ ርዝመት አባዝታችሁ ለዲሹ ስፋት ስታካፍሉ የጨረሩን ስፋት በዲግሪ ታገኛላችሁ፤ ለ1 ሜትር ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ይመጣል። 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ 20 ዲግሪ ይሰጣችኋል፤ ይህ ለእኛ ሥራ የተበተነ ነው።

ድምፁ የሚሰበሰብበትን ነጥብ እንዲህ ፈልጉ። በዲሹ አፍ ላይ ገመድ ወጥራችሁ ከገመዱ መሐል እስከ ሆዱ ያለውን ጥልቀት ለኩ። የዲሹን ስፋት በራሱ አባዙ፤ ለጥልቀቱ 16 እጥፍ አካፍሉ። ስፋቱ 120፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ነጥቡ ከሆዱ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ቦታ፣ አፉን ወደ ዲሹ ዘቅዝቃችሁ፣ የቀንድ ድምፅ ማጉያ እሰሩ፤ ከሞንታርቦ ጋር ለስብከትና ለቅስቀሳ የሚሰቀለው ዓይነት፣ ግን ትንሹን። በሁለተኛውም ዲሽ ላይ ያንኑ ዓይነት እሰሩ፤ የድምፅ ማጉያ ቀንድ ተገልብጦ ሲሠራ ጥሩ ማይክሮፎን ነው፤ ዝናብም አይፈራም።

ቆርቆሮው ራሱ እንደ ደወል ይጮኻል። ከጀርባው የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ለጥፉበት፤ በጣት ሲኳኳ "ዱብ" እንጂ "ጪንግ" እስከማይል ድረስ። ሆዱ መሐል ላይ ለዝናብ ውሃ መውጫ የጣት ያህል ቀዳዳ ብሱ። ዲሾቹን በ2 ሜትር ተኩል ርቀት አቁሙና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ቀጥ ወደ ላይ መሆናቸውን ከቀንዱ እስከ ሆዱ በተንጠለጠለ ቱንቢ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ግድግዳው

በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ዲሽ ድምፅን ወደ ላይ ይላክ እንጂ ወደ ጎንም ያንጠባጥባል፤ የሚቀበለውም ከጎን የመጣውን ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዲሽ በስድስት ጎን ኮምፖርሳቶ ክበቡት። ግድግዳው ከዲሹ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጡን 10 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አልብሱት፤ አሮጌ ፍራሽ ቆርጣችሁ ብትጠቀሙ ያው ነው። ከውጭ ደግሞ የጤፍ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ደርድሩ። ጭድ ርካሽ ነው፣ ድምፅ ይውጣል፣ ነፋስ ግድግዳውን እንዳያነቃንቅም ይይዘዋል። ላምና አህያ ካለበት ግን ሌሊት ጠብቁት፤ እኛ አንዱን ጎን በሁለት ቀን ተበልተናል።

ደረጃ 5፦ ኃይልና ድምፅ

የኤሌክትሪክ መስመሩን አትመኑ። ባለ 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት 360 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ አብረው 40 ዋት ቢበሉ 9 ሰዓት ትሠራላችሁ። ድምፁ ራሱ ብዙ አይበላም፤ 50 ዋት ለአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ፣ በየ5 ሰከንዱ፣ በአማካይ 1 ዋት ብቻ ነው።

የምትልኩት ድምፅ 2 ሺህ ኸርዝ፣ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። መጀመሪያውንና መጨረሻውን በ10 ሚሊ ሰከንድ አለስልሱት፤ በድንገት የሚጀምርና በድንገት የሚቆም ድምፅ "ቀጭ" ብሎ ጉልበቱን በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ይበትናል። በ100 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ ከፍታን በ17 ሜትር ዝርዝር ትለያላችሁ፤ በ50 ሚሊ ሰከንድ በ8 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ግን ምላሹ በዚያው ልክ ይደክማል።

ለጆሯችሁ ተጠንቀቁ። ድምፁ በርቶ ሳለ ማንም ሰው ጭንቅላቱን በግድግዳው ላይ አስግጎ ወደ ዲሹ እንዳይመለከት። የጆሮ መድፈኛ አድርጉ፤ ልጆችን አርቁ።

መላክና መቅዳት በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ የድምፅ ካርድ ይሁን፤ ሰዓታቸው አንድ እንዲሆን። ተቀባዩ ቀንድ የሚያወጣው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለማይክሮፎን የሚሆን ቅድመ ማጉያ አስገቡ፤ ገመዱ የታሸገ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ከአምፕሊፋየሩ ገመድ ጎን ለጎን አይሂድ። የመነሻውን ቅጽበት ለማግኘት አትጨነቁ፤ ላኪው ሲጮኽ በተቀባዩ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ያ ጉልህ ምልክት የሰዓታችሁ ዜሮ ነው።

ደረጃ 6፦ በግንብ ላይ ሞክሩት

ወደ ሰማይ ከማዞራችሁ በፊት ሁለቱን ዲሾች ያለ ከለላ ወደ ጎን አጋድሙና ርቀቱን በሜትር ወደ ለካችሁት ትልቅ ግንብ አነጣጥሩ። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 331 ሲደመር የሙቀቱ ዲግሪ በ0.6 ተባዝቶ ነው፤ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ብዙዎች በስስ አየር ድምፅ የሚዘገይ ይመስላቸዋል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ሙቀቱ እንጂ የአየሩ ግፊት አይደለም። ከስሱ አየር የምናጣው ከድምፅ ማጉያው ጉልበት 1 ዴሲቤል ገደማ ነው።

ግንቡ በ86 ሜትር ተኩል ላይ ከሆነ ማሚቶው ልክ በግማሽ ሰከንድ መድረስ አለበት፤ ሄዶ ስለሚመለስ። ካልደረሰ ስሕተቱን እዚህ ፈልጉ። ሰማይ ላይ ሜትር መዘርጋት አይቻልም። ማለዳ በ12 ዲግሪ የተቀዳውን በቀን ፍጥነት ካሰላችሁት 300 ሜትሩ በ7 ሜትር ያህል እንደሚዛባም አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ከጩኸት ሥዕል ማውጣት

እያንዳንዱን የ5 ሰከንድ ቅጂ እንደሚከተለው አስኬዱት፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ ከ1,940 እስከ 2,060 ኸርዝ ያለውን ብቻ አስቀሩ። ጠባብ ያልሆነበት ምክንያት፣ አየሩ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ድግግሞሹን ስለሚያንሸራትተው ነው፤ በሰከንድ 1 ሜትር የሚወርድ አየር 11 ኸርዝ ተኩል ይጨምርበታል። ከዚያ ጉልበቱን አስሉና በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ክፈሉት። ከ4ኛው ሰከንድ በኋላ ያለው ክፍል ከ690 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ምላሽ የለም፤ የዙሪያው ጩኸት ብቻ ነው። አማካዩን ወስዳችሁ ከሁሉም ቀንሱ። ቀጥሎ እያንዳንዱን በከፍታው ካሬ አባዙ፤ ከሩቅ የመጣው በርቀቱ የተነሣ የደከመ ነውና። በመጨረሻ የ5 ደቂቃውን 60 ቅጂዎች አንድ አድርጉ፤ ግን በአማካይ ሳይሆን በቅደም ተከተል ደርድራችሁ የመሐለኛውን በመውሰድ። አንድ የባጃጅ ጥሩንባ አማካይን ያበላሻል፤ መሐለኛውን አይነካውም።

ሰዓትን ወደ ጎን፣ ከፍታን ወደ ላይ፣ የምላሹን ብርታት በጥቁረት አድርጋችሁ ሳሉ። የመጀመሪያዎቹን 35 ሜትሮች ቁረጡ፤ ድምፁ ራሱና የዲሹ ርግብግቢት ስለሚሞላቸው አይነበቡም።

የቅጂውን ስም ስትሰጡ ሰዓቱን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ጻፉ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ "3 ሰዓት" ብዬ ጻፍሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ያንኑ 9 ብሎታል፤ በኮምፒውተሩ 3 የተባለው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተማሪዎቼ ሁለቱን አጋጥመው ክዳኑ በጠራራ ፀሐይ እንደሚጠነክር የሚያሳይ ድንቅ ግኝት ይዘውልኝ መጡ። ሐሳቡን ለማስተው አንድ ከሰዓት ወሰደብኝ።

ደረጃ 8፦ ሥዕሉን ማንበብ

ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ከመሬት ተያይዞ የሚሄድ ጥቁር ወፍራም ንጣፍ ታያላችሁ። ክዳኑ ያለበት ቀዝቃዛ አየር ነው። አንዳንዴ ንጣፉ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል፤ አንዳንዴም እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ የላይኛው አየር በታችኛው ላይ ሲንሸራተት የሚሠራው ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ንጣፉ ከመሬት ይላቀቃል፤ በሥሩ ነጭ ክፍተት እየሰፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ይቀደዳል። በዚያው ሰዓት ዞር ብላችሁ ጢሱን ተመልከቱ፤ መነጠፉን ትቶ መበተን ይጀምራል። ቀን ላይ ደግሞ የቆሙ ጥቁር ችቦዎች ይመጣሉ፤ ከጋለው መሬት የሚነሡ የሙቅ አየር ዓምዶች ናቸው፤ በመካከላቸው ነጭ ቦታ አለ። የሐይቁ ነፋስ ሲገባ ችቦዎቹ ያጥራሉ፤ በላያቸውም የተንሳፈፈ ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል፤ ያ የሁለቱ አየር ድንበር ነው።

ነጭ ማለት ጸጥተኛ አየር ማለት እንዳይመስላችሁ። በማምሻና በማርፈጃ ከታችም ከላይም ሙቀቱ በእኩል የተዋሐደበት ጊዜ አለ። ነፋሱ ምንም ያህል ቢናወጥ የሙቀት ልዩነት ስለሌለ ወደ እኛ የሚመለስ የለም። ከላይ አስታውሱ ያልኋችሁ ይህን ነው።

አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ። በ74 ሜትር ላይ ቀጥ ያለ፣ ደቃቅ፣ ጥቁር መስመር አገኘን። አራት ሌሊት ሳይነቃነቅ ቆየ። የሐይቁ ቋሚ ንብርብር ነው ብዬ ለባልደረቦቼ ሳይቀር ተናገርሁ። በአምስተኛው ሌሊት አንዲት ተማሪ የግድግዳው አንድ ጎን ላይ ጆንያ መጨመር ፈለገች፤ ስትጨምር መስመሩ ደበዘዘ። ጆንያውን ስታነሣ ተመለሰ። በዚያ አቅጣጫ፣ በሜትር ስንለካው 74 ሜትር ላይ፣ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን እንዲህ ነው፦ ከፍታውን ለአንድ ሰዓት ያልቀየረ ማንኛውም መስመር አየር አይደለም። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ዲሾች 10 ዲግሪ ያህል አዘንብሉ፣ ወይም በጥርጣሬው አቅጣጫ ጆንያ ጨምሩ። አየሩ ከሆነ እምብዛም አይለወጥም። ለክዳኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ፦ ንጋት ላይ አንድ ሰው ቴርሞሜትር ይዞ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይቁም፣ ሌላው ዳርቻው ላይ። ኮረብታው ከዳርቻው ሞቆ ከተገኘ ሙቀቱ በእርግጥ ተገልብጧል።

ደረጃ 9፦ ነፋስ መለካት፣ ለቸኮለ ሰው ያልሆነ

ቀጥ ያለው ሥዕል ለአንድ ወር ሳያታልላችሁ ሲሠራ ወደዚህ እለፉ። ሁለቱንም ዲሾች ከነግድግዳቸው 18 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ አዘንብሉ። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ የሐይቅ ነፋስ በጨረሩ አቅጣጫ ወደ እናንተ የሚመጣው 1.24 ሜትር ብቻ ነው፤ የሚመለሰውን ድምፅም 14 ኸርዝ ያህል ያቀጥነዋል። ከ2,000 ኸርዝ 14ቱን መለየት በአንድ ቅጂ አይሞከርም፤ የ15 ወይም የ20 ደቂቃ ቅጂዎችን አዋሕዱ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን አየር ለመቀነስ ቀጥ ያለ ጨረር፣ የምሥራቅና የምዕራቡን ለማወቅ ደግሞ ሦስተኛ ጨረር ያስፈልጋል። ባለን ሁለት ዲሽ ሦስቱን አቅጣጫ በየሃያ ደቂቃው በእጅ እያዞርን ሠርተናል፤ ወገብ ይፈልጋል። ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲያልፍ ግድግዳው ራሱ ስለሚያፏጭ አጥፉትና ሻይ ጠጡ።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ጠብታ ቆርቆሮውን እየደበደበ አያሠራም፤ መብረቅም አለ። ጭዱ ሳይበሰብስ አውጡት፣ ስፖንጁን አድርቃችሁ ጣሪያ ሥር አኑሩት፣ ዲሾቹን በአፋቸው ድፉ። የቀንዶቹን አፍ ጥብቅ ባለ ጨርቅ እሰሩ። እኛ ባለፈው ክረምት አንዱን ረስተን በመስከረም ስንፈታው ተርብ ጎጆዋን ሠርታበት ነበር፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ስንልክ የመለሱልን እነሱ ናቸው።